በአይሁድ ስደት ዘመን ስለ ልጆች ወዳጅነት የተጻፉ ልቦለዶች፦ ለየትኛው ልጅ የትኛው ይሻላል?

ናዚዎች በአይሁዶች ላይ ስላደረሱት ስደትና ጭፍጨፋ ለልጅ የሚሆን ልቦለድ የሚፈልግ ወላጅ ወይም መምህር መጀመሪያ የሚቸገረው መጻሕፍቱን መለየት ላይ ነው። ሽፋናቸው ላይ ወይ የዳዊት ኮከብ አለ፣ ወይ የእሾህ ሽቦ አለ። ጀርባቸው ላይ ደግሞ ሁሉም ልብ የሚነካ የጓደኝነት ታሪክ መሆናቸው ተጽፏል። ሲገለጡ ግን አንዱ የአሥር ዓመት ልጅ ብቻዋን ልታነበው የምትችለው ነው፤ ሌላው አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ባይነበብ ይሻላል፤ ሌላው ደግሞ ልጁን አስለቅሶ የተሳሳተ ታሪክ ይዞ እንዲቀር ያደርገዋል።

እዚህ የምናነጻጽራቸው አምስቱ በትምህርት ቤት የንባብ ዝርዝሮች ላይ ደጋግመው የሚገኙ ናቸው። አምስቱም በእንግሊዝኛ አሉ። አንዱ መጀመሪያ የተጻፈው በዕብራይስጥ፣ አንዱ በጀርመንኛ ነው። ስለዚህ ልጆቹ በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል ለሚማሩ ወላጅም፣ አዲስ አበባ ውስጥ በእንግሊዝኛ ለሚያስተምር ትምህርት ቤት መጽሐፍ ለሚገዛም ሰው ያገለግላል። ታሪኩ የት እንደሚያበቃ ሳይታወቅ ለልጅ መምረጥ ስለማይቻል ፍጻሜዎቹን አልደበቅንም።

መመዘኛዎቹ

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው፣ አይሁዳዊ ያልሆነው ጓደኛ ምን አደረገ የሚለው ነው። ልጅ መጽሐፉን ዘግቶ ሲነሳ ራሱን የሚያስቀምጠው በዚያ ጓደኛ ቦታ ነው። ጓደኛው ደብቆ ያሻግራል? ቆሞ ያያል? ከአሳዳጆቹ ጋር ያብራል? ወይስ ምን እየሆነ እንዳለ ጨርሶ አያውቅም? ከእነዚህ አራቱ አንዱን መምረጥ ማለት ልጁ ይዞት የሚቀረውን ትምህርት መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ታሪካዊ ታማኝነት ነው። ገጸ ባሕርያቱ የፈጠራ ቢሆኑ ችግር የለውም፤ የተፈጸመው ነገር ግን በዚያ ቦታና በዚያ ዓመት ሊፈጸም የሚችል መሆን አለበት። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ እውነቱን ከፈጠራው የሚለይ ማስታወሻ ወይም የዘመን ቅደም ተከተል ካለው ትልቅ ጥቅም ነው።

ሦስተኛው ሞት የሚቀርብበት መንገድ ነው፤ በወሬ ይሰማል ወይስ በዓይን ይታያል?

አራተኛው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቋንቋው ክብደትና የይዘቱ ክብደት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የንባብ ደረጃ የሚለካው የአረፍተ ነገሩን ርዝመትና የቃላቱን ዓይነት ብቻ ነው። አጫጭር አረፍተ ነገር ያለው መጽሐፍ ዝቅተኛ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይዘቱ ግን የአሥር ዓመት ልጅን እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል። በቁጥሩ ብቻ አይግዙ።

«ነምበር ዘ ስታርስ»፣ ሎይስ ላውሪ፣ 1989

ኮፐንሃገን፣ 1943። አነማሪ ዮሃንሰንና ኤለን ሮዘን አንድ ሕንጻ ላይ የሚኖሩ የአሥር ዓመት ጓደኛሞች ናቸው። ጀርመኖች የዴንማርክን አይሁዶች ሊያፍሱ መሆኑ ሲሰማ የኤለን ወላጆች ይሸሻሉ፤ ኤለን የአነማሪን ቤተሰብ ልጅ መስላ አብራቸው ታድራለች።

መጽሐፉ ለምን ከሌሎቹ እንደሚለይ ለማየት አምስተኛውን ምዕራፍ ብቻ ማንበብ ይበቃል። ወታደሮች በሌሊት በሩን ይደበድባሉ። የኤለን አንገት ላይ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሐብል አለ፤ መቆለፊያው አልከፈት ይላል። አነማሪ ሐብሉን በጥሳ በመዳፏ ትጨብጠዋለች። ወታደሩ ወደ ኤለን ጥቁር ጸጉር እያየ ይህች የማን ናት ብሎ ሲያፋጥጣቸው፣ አባትየው ከቤተሰቡ አልበም ውስጥ ሕፃን ሳለች ጸጉሯ ጥቁር የነበረውን የሟች ልጃቸውን ፎቶ ቀድዶ ያሳየዋል። ወታደሮቹ ሲሄዱ አነማሪ መዳፏን ትከፍታለች፤ ኮከቡ ቆዳዋ ላይ ታትሟል። ጀግንነቱ በአንዲት ልጅ እጅ ልክ የተሠራ ነው። ሽጉጥም ተአምርም የለበትም፤ እጇን ጨብጣ ዝም ማለቷ ብቻ ነው።

ታሪካዊ መሠረቱ ጠንካራ ነው። ጀርመን ዴንማርክን የያዘችው ሚያዝያ 1940 ነው (ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው)። መስከረም 1943 መጨረሻ ላይ ኮፐንሃገን በሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ ይሠራ የነበረው ጌኦርግ ዱክቪትስ የአፈሳውን ዕቅድ ለዴንማርክ ፖለቲከኞች አሳወቀ፤ በማግስቱ ማስጠንቀቂያው በምኩራብ ለተሰበሰቡት ተነገረ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ከ7,000 በላይ ሰዎች በዓሣ አጥማጅ ጀልባዎች ወደ ስዊድን ተሻገሩ፤ 470 ገደማ የሚሆኑት ተይዘው ወደ ቴሬዚንሽታት ማጎሪያ ካምፕ ተላኩ። የጀርመኖቹን አነፍናፊ ውሾች ለማታለል የተዘጋጀው መሐረብ፣ በደረቀ ደምና በኮኬይን የተነካካው፣ ልጆች ፈጠራ ይመስላቸዋል፤ እውነት ነው። ደራሲዋ መጨረሻ ላይ ባለው ማስታወሻ የትኛው እንደተፈጸመ፣ የትኛው እንደፈጠረችው አንድ በአንድ ትለያለች። መጽሐፉ በ1990 በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት የሚሰጠውን የኒውቤሪ ሜዳልያ አግኝቷል።

ሞት አለበት፣ ግን ከርቀት ነው። የአነማሪ ታላቅ እህት ታሪኩ ሳይጀምር ሞታለች፤ የእህቷ እጮኛ የነበረው ጴጥሮስ በጀርመኖች መገደሉ በመጨረሻው ምዕራፍ ይነገራል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላለ ልጅ ይሄ ልክ ነው።

ጉድለቱ የሚመጣው ከመጽሐፉ ሳይሆን ከብቸኝነቱ ነው። ይህን ብቻ ያነበበ ልጅ አውሮፓ ሁሉ እንደ ዴንማርክ ጎረቤቱን የደበቀ ይመስለዋል። ዴንማርክ ለየት ያለች ነበረች፤ ስዊድን በባሕር ማዶ ቅርብ ነበረች፣ የአይሁዱም ቁጥር ትንሽ ነበር። በኔዘርላንድ ከነበሩት 140,000 ገደማ አይሁዶች ከ100,000 በላይ ተገድለዋል። መጽሐፉ ሲያልቅ ይህን አንድ ቁጥር ለልጁ መንገር ያስፈልጋል። ጠይቆ የማይጠግብ ልጅ ከሆነ ቀጥሎ የዮሃና ራይስን «ዘ አፕስቴርስ ሩም» ይስጡት፤ ደራሲዋ በልጅነቷ ከእህቷ ጋር በአንድ የኔዘርላንድ ገበሬ ቤት ተደብቃ ያሳለፈችው እውነተኛ ታሪክ ነው። ገበሬው ስድብ እንደሚያበዛ ግን አስቀድመው ይወቁ።

«ፍሪድሪሽ»፣ ሃንስ ፔተር ሪሽተር፣ 1961

ከአምስቱ ጠንካራው መጽሐፍ ይሄ ነው፤ ያለ አዋቂ እርዳታ ለልጅ መስጠት የማይገባውም እሱ ነው።

ተራኪው ስሙ የማይጠቀስ ጀርመናዊ ልጅ ነው። ፍሪድሪሽ ሽናይደር ፎቅ ላይ የሚኖር አይሁዳዊ ጓደኛው ነው። ሁለቱም በ1925 በሳምንት ልዩነት ተወለዱ፣ አብረው ተጫወቱ፣ አብረው ትምህርት ቤት ገቡ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አጭር ሆኖ በርዕሱ ሥር ዓመቱ ተጽፏል፤ ታሪኩ እስከ 1942 ይሄዳል። አንዱን ዓመት ከሌላው አጠገብ አስቀምጦ ያነበበ ልጅ ስደቱ እንዴት እያደር እንደመጣ በግልጽ ያያል። መጀመሪያ አከራዩ ቤቱን ልቀቁ ይላል። ከዚያ ፍሪድሪሽ ከክፍል ይወጣል፤ የሚያስወጣው መምህር ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ስለ አይሁድ ታሪክ በአክብሮት አስተምሮ ነው የሚያሰናብተው። ቀጥሎ መዋኛ ቦታ ላይ መታወቂያው ታይቶ ይዋረዳል። የተራኪው አባት የናዚን ፓርቲ የሚቀላቀለው በጥላቻ አይደለም፤ ሥራ አጥቶ ስለቆየና እንጀራ ስለፈለገ ነው። ተራ ሰው እንዴት ተባባሪ እንደሚሆን ለልጅ በዚህ ግልጽነት የሚያስረዳ ሌላ ልቦለድ ከአምስቱ ውስጥ የለም።

ከዚያ ኅዳር 1938 ይመጣል፣ ምኩራቦች የተቃጠሉበትና ሱቆች የተሰባበሩበት ሌሊትና ቀን። ተራኪው ሕዝቡን ተከትሎ አንድ የአይሁድ ወጣቶች ማደሪያ ይገባል፣ መዶሻ ያነሳል፣ መስበር ይጀምራል፣ ደስም ይለዋል። ቤቱ ሲመለስ የሽናይደሮች ቤት በተመሳሳይ ሰዎች እየፈረሰ ያገኘዋል። ከእናቱ ጋር ያለቅሳል። ልጆች እዚህ ቦታ ላይ ቆም ይላሉ፤ የሚወዱት ተራኪ ክፉ ሠርቷልና። ወላጅ ወይም መምህር አጠገብ መሆን ያለበት በዚህ ምዕራፍ ነው። ጥያቄው «ለምን አደረገው?» ይሁን፤ «አንተ ብትሆን ታደርገው ነበር?» አይሁን። ሁለተኛው ልጁን ራሱን ወደ መከላከል ይወስደዋል፣ ውይይቱም እዚያው ይቆማል።

መጨረሻው ከባድ ነው። በ1942 በአየር ድብደባ ወቅት ፍሪድሪሽ መጠለያ ይለምናል፤ አከራዩ አያስገባውም፤ ድብደባው ሲያበቃ ደጃፍ ላይ ሞቶ ይገኛል። ማጽናኛ የለውም። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ በዓመት የተደረደረ የሕጎች ዝርዝር አለ፤ ከምዕራፎቹ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል። ቋንቋው ቀላል በመሆኑ የንባብ ደረጃው ዝቅ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ይህ እንዳያታልል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በታች አይመከርም።

«ዌን ሂትለር ስቶል ፒንክ ራቢት»፣ ጁዲት ከር፣ 1971

በዚህኛው ስደተኛዋ ራሷ ዋና ገጸ ባሕርይ ናት። የዘጠኝ ዓመቷ አና አይሁዳዊት ናት፤ አባቷ በናዚዎች ዘንድ የሚጠላ ጸሐፊ በመሆኑ ቤተሰቡ በ1933 ከበርሊን ይሸሻል፤ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ፓሪስ፣ በመጨረሻ ለንደን። የደራሲዋ የልጅነት ታሪክ ነው።

ማጎሪያ ካምፕ፣ ጥይት፣ ግርፋት የለበትም። ያለው አዲስ ቋንቋ፣ አዲስ ትምህርት ቤት፣ እያነሰ የሚሄድ የቤት ገንዘብ ነው። ስለዚህ አገር ለቆ ከሄደ ቤተሰብ የመጣ ልጅ፣ በአዲስ ቋንቋ መማር የጀመረ፣ ወላጆቹ ባገራቸው የተከበረ ሙያ ኖሯቸው በሰው አገር ዝቅ ያለ ሥራ ሲሠሩ ያየ ልጅ፣ ከአምስቱ ይበልጥ የራሱ የሚያደርገው ይህንን ነው። በፓሪስ አና ፈረንሳይኛው አልገባ ብሏት ስትደክም ቆይታ ድንገት አፏ የሚፈታበት ክፍል አለ፤ ከዲያስፖራ ልጆች ጋር ጮክ ብሎ ለማንበብ ይሆናል።

ጓደኝነት ላይ ግን ቀጭን ነው። አንድ ጠቃሚ ምዕራፍ አለ፦ በስዊዘርላንድ መንደር ለዕረፍት የመጡ ጀርመናውያን ልጆች እናታቸው ከአናና ከወንድሟ ጋር እንዳይጫወቱ ትከለክላቸዋለች፤ የመንደሩ ልጆች በሁለቱ መሃል ይጨነቃሉ። ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ ስለሚዛወር ጓደኞች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በርሊን የቀረው አጎት ዩልየስ አያቱ አይሁዳዊት በመሆኗ ሥራውን ያጣል፣ የሚወደው የአራዊት መኖሪያ መግቢያ ካርዱ እንኳ ይወሰድበታል፣ በመጨረሻ ራሱን ያጠፋል። በጥቂት መስመር ነው የሚነገረው፤ ግን ልጁ ይጠይቃል፤ መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ምዕራፎቹ ረዘም ያሉ በመሆናቸው በአንድ ማታ ከአንድ ምዕራፍ በላይ አይገፋም።

«ዚ አይላንድ ኦን በርድ ስትሪት»፣ ዑሪ ኦርሌቭ፣ 1981

መጀመሪያ የታተመው በዕብራይስጥ ነው፤ በእስራኤል የሚማሩ ልጆች «ሀኢ ቢርሖቭ ሀጺፖሪም» በሚለው ርዕሱ ያገኙታል። ደራሲው በ1931 ዋርሶ ተወልዶ በልጅነቱ በዋርሶ ጌቶ፣ አይሁዶች ታጥረው እንዲኖሩ በተገደዱበት ሰፈር፣ የኖረ፣ ኋላም ቤርገን ቤልዘን ካምፕ የገባ ሰው ነው፤ በ1996 የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማትን አግኝቷል። የሚያወራውን ያውቃል፣ ያስታውቃልም።

የአሥራ አንድ ዓመቱ አሌክስ አባቱ እስኪመለስ ድረስ ባዶ በቀረ ጌቶ፣ በፈረሰ ቤት ውስጥ ከነጭ አይጡ ጋር ይደበቃል። ምግብ ፍለጋ፣ የገመድ መሰላል፣ የመሸሸጊያው አሠራር እየተዘረዘረ ስለሚሄድ መጽሐፍ የማይወዱ ልጆች እንኳ አይለቁትም። ጓደኝነቱ የሚመጣው ዘግይቶ ነው፦ አሌክስ በቀዳዳ ወደ ፖላንዳውያኑ ሰፈር ሾልኮ ሲወጣ ስታሽያ ከምትባል ልጅ ጋር ይቀራረባል፤ ማንነቱን ይንገራት ወይስ ይደብቃት የሚለው ጭንቀት ለትላልቅ ልጆች ጥሩ መወያያ ነው።

አሌክስ ሽጉጥ አለው፣ የሚተኩስበትም ቦታ አለ። ፍጻሜው ተስፋ ያለው ቢሆንም ይህን የማይፈልግ ወላጅ አስቀድሞ ይወቅ። ከአሥራ አንድ ዓመት ጀምሮ ይሆናል።

«ዘ ቦይ ኢን ዘ ስትራይፕድ ፓጃማስ»፣ ጆን ቦይን፣ 2006

ከአምስቱ ስሙ የገነነው ይሄ ነው፤ በ2008 ፊልም ሆኗል። እኛ ግን እንደ መጀመሪያ መጽሐፍ አንመክረውም። የካምፕ አዛዥ ልጅ የሆነው የዘጠኝ ዓመቱ ብሩኖ በአጥር ማዶ ካለ ሽሙኤል ከተባለ እስረኛ ልጅ ጋር ይወዳጃል፤ በመጨረሻ በአጥሩ ሥር ሾልኮ ይገባና አብረው ይሞታሉ።

ችግሩ ሦስት ነው። ታሪኩ በሚፈጸምበት በአውሽቪትዝ፣ ናዚዎች በያዟት ፖላንድ በነበረው የግድያ ካምፕ፣ በሽሙኤል ዕድሜ ያሉ አብዛኞቹ አይሁዳውያን ልጆች እንደደረሱ ወደ ጋዝ ክፍል ይወሰዱ ነበር። አጥሩ ኤሌክትሪክ ያለበትና የሚጠበቅ ነበር፤ ሁለት ልጆች በየቀኑ ተቀምጠው የሚያወሩበት፣ ከሥሩ የሚሾለክበት አልነበረም። የኤስኤስ (የናዚ ፓርቲ ታጣቂ ኃይል) ከፍተኛ መኮንን ልጅ ደግሞ አይሁድ ማን እንደሆነ፣ ሂትለር ማን እንደሆነ ሳይሰማ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው አይችልም፤ የጀርመን ትምህርት ቤቶች በዚያ ዘመን ጥላቻን በይፋ ያስተምሩ ነበር። ስለዚህ ልጁ ይዞት የሚቀረው «ጀርመኖች አያውቁም ነበር» የሚል ሐሳብ ነው። መጨረሻ ላይ የአንባቢው እንባ የሚፈሰውም በአብዛኛው ለአዛዡ ልጅ ነው። በጥር 2020 የአውሽቪትዝ ሙዚየም የሆሎኮስትን (የአይሁዶችን ጭፍጨፋ) ታሪክ የሚያጠናም ሆነ የሚያስተምር ሰው ይህን መጽሐፍ እንዲርቅ መክሯል። ደራሲው ተረት ብሎ ነው የሰየመው፤ ልጆች ግን እንደ ታሪክ ነው የሚያነቡት።

ትምህርት ቤቱ ካዘዘው ግን መከልከል አይጠቅምም። ልጁ ያንብበው፤ ከጨረሰ በኋላ «ፍሪድሪሽ» ውስጥ ስለ መምህሩና ስለ ኅዳር 1938 የሚናገሩትን ምዕራፎች አብራችሁ አንብቡና፣ አንድ ጀርመናዊ ልጅ በየቀኑ ምን ያይና ምን ይሰማ እንደነበር ያወዳድር።

በአጭሩ

| መጽሐፍ | ቦታና ዘመን | ጓደኛው | ሞት | ታማኝነት | ዕድሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ነምበር ዘ ስታርስ | ዴንማርክ፣ 1943 | ይደብቃል፣ ያሻግራል | በወሬ | ከፍተኛ፣ ማስታወሻ አለው | 9–11 |
| ፍሪድሪሽ | ጀርመን፣ 1925–1942 | ያያል፣ አንዴም ያብራል | በዓይን ይታያል | ከፍተኛ፣ የሕጎች ዝርዝር አለው | 12+ ከአዋቂ ጋር |
| ፒንክ ራቢት | ከበርሊን እስከ ለንደን፣ ከ1933 ጀምሮ | ይመጣል፣ ይቀራል | በወሬ፣ ራስን ማጥፋት | ከፍተኛ፣ የራስ ታሪክ | 9–12 |
| በርድ ስትሪት | የፖላንድ ጌቶ | ዘግይቶ ይመጣል | ተኩስ አለ | ከፍተኛ | 11+ |
| ስትራይፕድ ፓጃማስ | አውሽቪትዝ | አያውቅም | ከባድ ፍጻሜ | ዝቅተኛ | አይመከርም |

ለማን ምን

አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ «ነምበር ዘ ስታርስ»ን ይግዛ። አሥራ ሰባት ምዕራፍ ነው፤ በማታ ሁለት ሁለት ቢነበብ በዘጠኝ ማታ ያልቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ካርታ አውጥታችሁ ኮፐንሃገንንና ስዊድንን የሚለየውን ባሕር አሳዩት፤ ርቀቱን ያላየ ልጅ ማምለጡ ለምን እንደተቻለ አይገባውም።

ቅርብ ጊዜ አገር ለቀየረ ልጅ «ፒንክ ራቢት»። ማንበብ ለሚሰለቸው ልጅ «በርድ ስትሪት»። በእስራኤል የሆሎኮስት መታሰቢያ ቀን ሳይረን ሲነፋ ልጁ ለምን እንደሚቆም ለሚጠይቅ ቤተሰብም ይሄው «በርድ ስትሪት» በዕብራይስጡ ይመረጣል። ወላጅ በዕብራይስጥ ማንበብ ካልቻለ ልጁ በየምዕራፉ መጨረሻ ላይ በአማርኛ ይተርክለት፤ ውይይቱ የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቅጂ ብቻ ላለው መምህር ከሁሉ የሚሻለው «ፍሪድሪሽ» ነው። ምዕራፎቹ አጭርና በራሳቸው የቆሙ ስለሆኑ በአንድ ክፍለ ጊዜ አንዱን ጮክ ብሎ አንብቦ ለመወያየት ጊዜ ይተርፋል። ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ከሌለ ስለ መምህሩ፣ ስለ መዋኛ ቦታው፣ ስለ ኅዳር 1938 እና ስለ መጠለያው የሚናገሩትን ምዕራፎች ብቻ፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ገንዘብ ለሚያጥረው፦ በአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ያለው ሰው «ሊቢ» በተባለው መተግበሪያ የኤሌክትሮኒክ ቅጂ በነጻ መዋስ ይችላል፤ ተራ ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ መመዝገብ ነው። «ነምበር ዘ ስታርስ» ለብዙ ዓመት በትምህርት ቤት ሲነበብ የቆየ በመሆኑ ያገለገለ ቅጂው በቀላሉ ይገኛል።

ሲገዙ የሚያጋጥሙ ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛ፣ በመጽሐፉ ስም የሚሸጡ የጥናት መምሪያዎች አሉ፤ የደራሲው ስም ሽፋኑ ላይ መኖሩን፣ «ማጠቃለያ» ወይም «ጥያቄዎች» የሚል ቃል አለመኖሩን ይዩ። ሁለተኛ፣ ተከታይ መጻሕፍትን አያምታቱ፤ «ፒንክ ራቢት» የሦስት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው፣ የ«ስትራይፕድ ፓጃማስ» ተከታይ ሆኖ በ2022 የወጣው ደግሞ ለአዋቂዎች የተጻፈ ነው። ሦስተኛ፣ ያገለገለ ቅጂ ሲገዙ የመጨረሻዎቹን ገጾች ገልጠው ይቁጠሩ፤ የ«ነምበር ዘ ስታርስ» ማስታወሻና የ«ፍሪድሪሽ» የሕጎች ዝርዝር ያሉት እዚያ ነው፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ቀድሞ የሚገነጠለውም እሱ ነው።